የተዘቀዘቀ ነጠላ

ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደለበስኩ ያወቅኩት ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ነው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። የዕድራችን አባል የነበሩ አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ቀብረን ስመለስ ልጄ ያምሮት ከጀርመን አገር የምትደውልበት ሰዓት ደረሰ። በቪዲዮ የምንተያየው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኩን አነሳሁ። ፊቷ መጣ። ልትስቅ ጀመረች። ከዚያ ዓይኗ ከፊቴ ወደ አንገቴ ወረደና እዚያው ቀረ። ሳቋ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

“እማ…” አለች። ሥዕሉ በዚያው ደረቀ። ኔትወርክ ጠፋ።

መስመሩን እያማረርኩ ነጠላዬን ላጥፍ ስል ጥለቱን አንገቴ ሥር አገኘሁት። እኛ አገር ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው ለሐዘን ነው። ልጄ ደግሞ ይህን የምታውቀው ከፊደል በፊት ነው።

ሌላ እናት ብትሆን “መስመሩ ነገ ይመለሳል፣ እነግራታለሁ” ብላ ትተኛ ነበር። እኔ አልቻልኩም። አባቷ መምህር ገብረሰንበት ያረፈው እሷ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ፈተና ላይ ሳለች ነው። አሥራ ስምንት ቀን ደበቅኳት። “አባትሽ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ሽንዲ ሄዷል” እያልኩ፣ ለቅሶ ከተቀመጥኩበት ጓዳ ገብቼ በስልክ እስቅላት ነበር። ፈተናውን አንደኛ ሆና አለፈች። መርዶውን ስትሰማ ግን አልጮኸችም። “እማ፣ ከእንግዲህ ደህና ነው ስትይኝ እንዴት አድርጌ ነው የማምንሽ?” ብቻ ነው ያለችኝ።

አሁንም ፈተና ላይ ናት። ማክሰኞ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት የዶክትሬት ጥናቷን በፈረንጅ ምሁራን ፊት ታቀርባለች፤ ዲፌንስ ይሉታል። የአምስት ዓመት ልፋቷ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሲቀራት የሐዘን ነጠላ አሳየኋት። ማን ሞተ ብላ እንደምታስብም አውቄአለሁ። ያንን ያወቅኩት ከሁሉ የባሰው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ነው።

ናሁሰናይ ይባላል። እዚሁ ፍኖተ ሰላም አሥረኛ ክፍል ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። እሷ ቀጠለች፤ እሱ የአባቱ ዓይን ሲደክም ትምህርቱን ትቶ ቡሬ ላይ ባጃጅ ጠጋኝ ሆነ። ተረስቷል ብዬ ነበር። ጥናቷ ግን መልሶ አገናኛቸው።

ያምሮት የምትሠራው፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን እያየ የሚወስን ቺፕ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። “እማ፣ ጥለት አስቢ” ብላ ነበር ያስረዳችኝ። “ሸማኔው መስቀሉን ለመሸመን ማንን ያስፈቅዳል? ማንንም። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም የራሱን ይጨምርበታል። የሌሎቹ ቺፖች ንድፍ ግን ባለቤት አለው፤ አንዲት ክር ለመቀየር ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። የእኔ ንድፉ ክፍት ነው። ለአገራችን መንገድ እንደሚስማማ አድርጌ ልሸምነው እችላለሁ። ኔትወርክ ባይኖር እንኳ መኪናው ውስጥ ሆኖ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይወስናል።”

የፈረንጆቹ መኪና ጭድ የተጫነች አህያ ሲያይ ቁጥቋጦ ይላታል አሉ። ቁጥቋጦ አይራመድም ብሎ ዝም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የኛን መንገድ የሚቀርጽላት ሰው ፈለገች። ናሁሰናይ የባጃጁ ግንባር ላይ ካሜራ አስሮ ከቡሬ ሽንዲ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ ከረመ። ማታ ማታ ደግሞ ሥዕሉን አንድ በአንድ እያዩ፣ ይቺ አህያ፣ ይኼ ጭድ፣ ይቺ እንጨት የተሸከመች ሴት እያሉ ስም ያወጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ እሑድ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋን ሰማሁና ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በፋሲካ ሊጠይቀኝ መጣ። ምሳ አቅርቤ፣ ከበላ በኋላ፣ “እጅህን እየው” አልኩት።

ዘርግቶ አየው። ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁር ዘይት።

“እሷ ዶክተር ልትሆን ነው። እስክትጨርስ አትደውልላት፣ አትጻፍላት። ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ይህን እጅህን እያየህ ራስህን ጠይቀው።”

“እርስዎ ካሉ እሺ፣ እትዬ” አለኝ። እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

ቃሉን ጠበቀ። ሁለት ወር ተኩል ዝም አለ። ያምሮት ስትጠይቀኝ “ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው” አልኳት። ስለ አባቷ ያልኩትን ቃል ነው የደገምኩት። ያን እሑድ ነጠላዬን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ፣ ልጄን ሁለት ጊዜ በአንድ ውሸት እንደቀበርኳት ተሰማኝ።

*

ሰኞ በጠዋት መስመሩ እንደጠፋ ነው። ቡሬ ይሠራል ሲሉ ሰምቼ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጎረቤቴ ወለተ ሐና ደጇን እየጠረገች ነበር።

“ደግሞ ዛሬ ማን ሊሞት ነው?” አለችኝ።

“ማንም።”

“እንግዲያው ምን ያስሮጥሻል? አንቺ እኮ ሰው ካልሞተ ከቤት አትወጪም።”

“እንዳልሞተ ለማሳየት ነው የምሄደው” አልኳት። መጥረጊያዋን ይዛ ቀረች።

ሚኒባሱ ቡሬ አድርሶኝ ወደ ጋራዡ ስሄድ ቆርቆሮ በሩ በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል። ሰኞ ጠዋት የተዘጋ ጋራዥ አይቼ አላውቅም። ነጠላዬ ሳያውቀው እውነት ተናግሮ ቢሆንስ አልኩ፤ እኔ መጥፎውን ሳስብ አንደኛ ነኝ። በሩን ተደግፌ ሳለሁ የሥራ ባልደረባው ባዬ በባጃጅ መጣና አጠገቤ ቆመ።

“እትዬ እማዋይሽ፣ ምነው? ሞተር ነው የተበላሸብዎት ወይስ ልብ?”

“ናሁሰናይ የት ነው?”

“ናሁ? ሽንዲ ሄዷል። ሥራ በዝቶበት። ዳጉሳ ሊዘራ ነዋ፣ ሰኔ አይደል? አባቱ ዘንድ ኔትወርክ የሚባል የለም።”

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸች። ያምሮት ናት፤ በድምፅ ብቻ።

“እማ። ናሁ የት ነው?”

የማውቀው አንድ እውነት ነበር። ተናገርኩት። “ሽንዲ ሄዷል፣ ልጄ። ሥራ በዝቶበት።”



“ሽንዲ” አለች። “እማ፣ አባዬንም ሽንዲ ነበር የላክሽው።”

“እውነቴን ነው ያምሮቴ፣ በእመቤቴ…”

“አትማዪ። ከፋሲካ ጀምሮ አልደወለም፣ ስደውልም አያነሳም። ለኔ ሳይደውል ሁለት ቀን አድሮ አያውቅም። ትናንት ደግሞ ነጠላሽን አየሁት። ለምን እንደደበቅሽኝ ይገባኛል፣ ፈተና ስላለብኝ ነው። አልፈተንም። ቲኬት ከተገኘ ነገ እመጣለሁ። ቢያንስ መቃብሩ ላይ አለቅሳለሁ።”

ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም። ባዬ አንዴ ፊቴን፣ አንዴ ስልኩን እያየ ቆሟል።

“ባዬ፣ ሽንዲ ውሰደኝ።”

“ዝናብ እየመጣ ነው እኮ፣ እትዬ። መንገዱ ጭቃ ነው።”

“ልጄ ያልሞተ ሰው ልታለቅስ እየመጣች ነው” አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው እንዲሰጠኝ።

*

ማሳው ዳር ስንደርስ በሬዎቹን አየሁ፤ ከኋላቸውም እርፉን የጨበጠውን ናሁሰናይን። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሲያየኝ በሬዎቹን አቆመ። አባቱ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ዛፍ ሥር በበትራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ንቁ ነው።

“እንዴት ዋሉ፣ የኔታ” አልኩ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። የያምሮት እናት ነዎት? ልጄ ስለ ቤትዎ መልካም መልካሙን ነው የሚያወራው። ምነው መደወል ተውህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሥራ በዝቶባታል፣ እንዳላውካት ብዬ ነው አለኝ።”

ጥፋቴን ከአባቱ ሳይቀር ደብቆልኛል። ወደ ማሳው ገባሁ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

“እትዬ፣ ያምሮት ደህና አይደለችም?” አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ደህና ናት። አንተ ነህ የሞትከው።” ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ነጠላው፣ ስለ ሽንዲ፣ ስለ አባቷ። “ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትፈተነው። በቃሌ አታምነኝም። ሕያው ሆነህ ፊቷ ካልቆምክ ትታው ትመጣለች። የተናገርኩህን ክፉ ቃል አንስቼዋለሁ። ናሁሰናይ፣ ና።”

እጁን አየ። እኔም አየሁት። ጭቃው ከክርኑ ደርሷል።

“ልታጠብ?” አለ።

“እንዳለህ ና” አልኩት።

ዝናቡ ግን ቀደመን። መንገዱ ተዘጋና ከየኔታ ቤት አደርን። ሲነጋጋ ስንነሳ፣ ናሁሰናይ አንድ ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። “ለእርስዎ ቃል ስለገባሁ አልላክሁትም። አሁን እርስዎ ይላኩላት” አለ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ከመሃሉ ገለጥኩ።

“ያምሮት፣ ዛሬ አንዲት አህያ ጭዷ ወድቆባት መንገድ መሃል ቆመች። ሹፌሩ ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል። ሸክሟ የቀለላት ይመስላቸዋል። እሷ ግን የምትሄድበት የጠፋት ነው የምትመስለው። እኔም አንቺን ሳላዋራ ስውል እንዲሁ ነኝ። ቀለለህ ይሉኛል። መንገዱ ጠፍቶኝ ነው የቆምኩት።”

ደብተሩን ዘግቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሃያ አምስት ዓመት ያስተማረው ባሌ እንኳ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፈልኝም።

*

ባጃጁ በየጭቃው እየተቀረቀረብን ቡሬ የገባነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ዮርዳኖስ የምትባል ልጅ የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ተመራቂ ናት፣ ኢንተርኔቷም አይቆራረጥም። ኮምፒውተሯን አዞረችልን። ከመደወሌ በፊት ግድግዳዋ ላይ ባለው መስተዋት ነጠላዬን ሦስት ጊዜ አየሁት። ጥለቱ በቦታው ነው።

ለረጅም ጊዜ ጠራ። ሄዳለች አልኩ በልቤ፤ አሁን አየር ማረፊያ ናት። ከዚያ ተነሳ። ዓይኗ አብጧል። ከኋላዋ አልጋ ላይ የተዘጋ ሻንጣ ይታያል። መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው።

ዞር አልኩና ናሁሰናይን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱም ፀጉሩ ላይ የደረቀ ጭቃ እንዳለ ያያታል። እነሱ ሲተያዩ እኔና ዮርዳኖስ በየፊናችን ወረቀት ማገላበጥ ጀመርን።

“ያ ቺፕሽ” አለ ናሁሰናይ በመጨረሻ፣ “አህያ ከቁጥቋጦ ይለያል ይባላል። አንቺ ሕያው ከሙት መለየት አቃተሽ?”

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። “ለምን? ለምንድነው ዝም ያልከኝ? ምን አደረግኩህ?”

“ሥራ በዝ…” ብሎ ሊጀምር ነበር። ትከሻውን ያዝኩት።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “በፋሲካ እጁን አሳይቼ አስነወርኩት። እስክትጨርሺ አትደውል አልኩት። እሱ አንድም ቀን አልከሰሰኝም። እናትሽ ናት ጥፋተኛዋ።”

ያምሮት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አባቷም ተማሪ ሲያጠፋ እንዲሁ ነበር የሚያየው፤ ሳይቆጣ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

“እማ፣ ይህን ሌላ ቀን እናወራዋለን” አለች። “አሁን ፊቴን ልታጠብ። ሰባ ደቂቃ ነው የቀረኝ።”

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። “አንተ ከዚያ ወንበር እንዳትነሳ። ሊንኩን እልክላችኋለሁ። ስናገር እዚያ መሆንህን ልወቅ።”

“አልነሳም” አላት። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ጠበቀ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ጥቁር ኮት ለብሳ ብቅ አለች። ያበጠ ዓይኗን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል። አሥራ ሁለተኛ ስጨርስ የያዝኩት እንግሊዝኛ ጥቂት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ዮርዳኖስ ጆሮዬ ላይ ትተረጉማለች። የቺፑን ንድፍ አሳየች፤ እውነትም ጥለት ይመስላል። ከዚያ ግድግዳውን የሞላ ሥዕል መጣ፤ የቡሬ መንገድ፣ የኛ አቧራ፣ ጭድ የተጫነች አህያ። በዙሪያዋ አረንጓዴ መስመር ተሰምሮባታል። ቺፑ አውቋታል። ፈረንጆቹ አንገታቸውን አስግገው የኛን አህያ ሲያዩ ደረቴ ከነጠላዬ ሰፋብኝ።

አንድ ሽበታም መርማሪ እጃቸውን አነሱ።

“እነዚህን አርባ ሺህ ሥዕሎች ማን ነው የለያቸው፣ ትክክል ስለመሆናቸውስ ማን ያረጋግጣል ነው የሚሉት” አለች ዮርዳኖስ።

ያምሮት ወደ ካሜራው ቀና አለች። ከዚያ ዘርዝራ መለሰች። ከመልሷ ሁለት ቃል ለየሁ፤ ቡሬ እና ናሁሰናይ።

ዮርዳኖስ መተርጎም አቆመች።

“ምን አለች?” አልኳት።

“ናሁሰናይ ሃይለ ሚካኤል ይባላል፣ ቡሬ ባጃጅ ይጠግናል አለች። መንገዱን ከእኔም ከእናንተም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እያንዳንዱ ሥዕል በእሱ እጅ ነው ያለፈው፤ እጁን ባላምን ይህን ጥናት አልጽፍም ነበር። በጽሑፌ ውስጥ ስሙ የሰፈረው ለዚህ ነው አለች።” ዮርዳኖስ ወደ ናሁሰናይ ዞረች። “ደግሞ፣ ለመዝገቡ ያህል፣ እጮኛዬ ነው አለች። ሰዎቹ እየሳቁ ነው።”

ናሁሰናይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። አልደበቃቸውም።

መርማሪዎቹ ወጥተው ሲመለሱ ሁሉም ቆሙ። እኛም ቆምን። ሽበታሙ ሰውዬ ወረቀት አንስተው አነበቡ። አጠራሩ ከበዳቸው፤ ግን እስከ መጨረሻው አሉት። ዶክተር ያምሮት ገብረሰንበት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስሙ እንዲህ ባለ ክብር ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም በባዕድ አገር፣ ያውም ቆመው።

ጭብጨባው ሲያልቅ ልጄ ወደ ካሜራው ተጠጋች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

“እማ” አለች፣ “ነጠላሽ አማረብሽ።”

*

ናሁሰናይ ፍኖተ ሰላም ድረስ በባጃጁ አመጣኝ። ዝናብ የጠጣው ምድር ይሸታል፤ መንገዱ ዳር ሰው እርሻውን ጨርሶ ይገባል። አህያ ስናይ ሁለታችንም እኩል ዞረን እናያታለን። ከደጄ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች።

“እንግዲህ ልመለስ፣ እትዬ” አለ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

“መንገድ ላይ ብትቆም አሁን የሚያልፍ መኪና የለም። የሆነ ነገር ብትሆን እኔ በሕይወት አልኖርም። አጥፋው።”

“ሰው ያወራል።”

ወለተ ሐና በርግጥም ደጇ ላይ ቆማለች። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። “የዶክተር ያምሮት እጮኛ ነው። ሳሎን ነው የሚያድረው።”

“እሰይ” አለች ወለተ ሐና። “ዛሬ ደግሞ ሰው ተወለደ ማለት ነው።”

እራት በላን። ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩት፤ መስመሩ ሲመለስ የምልከው መጀመሪያ እሱን ነው። ከዚያ በሩን ልዘጋ ተነሳሁ። ያ ቁልፍ ባሌ ከሞተ ጀምሮ አስቸጋሪ ነው፤ ታግዬ እዘጋዋለሁ፣ ተመልሼ እነካዋለሁ፣ ከተኛሁም በኋላ አንዴ ተነስቼ አረጋግጣለሁ። ናሁሰናይ ስታገል አይቶ ወጣና ከባጃጁ ትንሽ የዘይት ጣሳ ይዞ ተመለሰ። ሁለት ጠብታ አደረገበት፤ ቁልፉን በዚያ በጥቁሩ ጣቱ ወዲያና ወዲህ አለሳለሰው።

“ይሞክሩት” ብሎ ገለል አለ።

እሱ ውስጥ ቆሞ ሳለ በሩን ገፋሁና ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴ ዞረ። ተመልሼም አልነካሁትም።